ሲኒ የሚያክል ፊኛ

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለወጣቶችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለማንበብ እንዲቀል እዚህም እዚያም ነካክቼዋለሁ። ከተሰብሳቢው የተነሱትን ጥያቄዎች በየቦታቸው አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ዝናብ መጥታችኋልና አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አስቀምጫለሁ። አንዱ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው፤ ውሃ። ሌላው ከቤቴ ያመጣሁት የቡና ሲኒ ነው። የጤነኛ ሰው የሽንት ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ይህቺን ሃይላንድ በሉት። ሲኒው ግጥም ብሎ ሲሞላ 70 ሚሊ ገደማ ነው። ትናንት ማታ ለክቼዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ሃይላንድ ያህል የነበረ ፊኛ እንዴት ሲኒ እንደሚያህል ነው።

ከመካከላችሁ በልጅነቱ ከታረደ በሬ ወይም በግ ፊኛ ነፍቶ የተጫወተ አለ? እጃችሁን አንሱ እስቲ። ብዙ ነን። እኛ ሰፈር ለፋሲካ ቅርጫ ሲታረድ ፊኛው የልጆች ድርሻ ነበር። እናጥበዋለን፣ በመቃ እንነፋዋለን፣ በክር እናስረዋለን። ትኩስ እያለ የፈለግከውን ያህል ይለጠጥልሃል። ተጫውተን ስንጠግብ አጥር ላይ ሰቅለነው እንሄዳለን። በማግስቱ ስንመለስ ፀሐይ አድርቆታል። ጨምድዶታል፣ ጠንክሯል። ብትነፋው አይለጠጥም፣ ብታስገድደው ይሰነጠቃል። ይህን በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፣ ማንነቱን የሚያሳውቀውን ነገር ሁሉ ግን ቀይሬአለሁ። ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ተምሮ የተመለሰ። ወደ እኔ የመጣው ከእናቱ ጋር ነው። ተቀምጦ መስማት አልቻለም፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። እናቱ ናቸው የተናገሩለት። «ዶክተር፣ ልጄን ብርድ ነው የመታው። የዚያ አገር ብርድ ሌላ ነው ይላሉ።»

ሽንቱ ያጣድፈዋል። ያቃጥለዋል። አንዳንዴ ደም አለው። ሌሊት በየግማሽ ሰዓቱ ይነሳል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። በኋላ እንደነገረኝ ከፒያሳ ሜክሲኮ ለመድረስ ሁለት ጊዜ «ወራጅ አለ» ይላል። አንዴ ጥቁር አንበሳ ጋ፣ አንዴ ሰንጋ ተራ። በዚያ መንገድ ላይ የትኛው ካፌ ሽንት ቤቱን በቁልፍ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ማኪያቶ ሳታዝ እንደማያስገባ በቃሉ ያውቃል። ሰው ከተማውን በወዳጆቹ ቤት ነው የሚያውቀው። እሱ በሽንት ቤት ነበር የሚያውቀው።

ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ሦስት የተለያዩ ክሊኒኮች ሄዷል። ሦስቱም ሽንት መርምረው «ኢንፌክሽን ነው» አሉት። ሲፕሮ ወሰደ። ሌላ ጸረ ተሕዋስያን ወሰደ። መርፌም ተወጋ። ለሆዱ ቁርጠት ደግሞ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጠው። ጠበልም ሄዷል። ምንም ለውጥ የለም።

እኔስ? እኔም መጀመሪያ ቀን አልጠየቅሁትም። ይህንን ደብቄ ብናገር ንግግሬ ግማሽ ይሆናል። የሽንት ውጤቱን አየሁ፤ ነጭ የደም ሴል አለ፣ ቀይ የደም ሴል አለ፣ ከልቸር ሲሠራ ግን ምንም ተሕዋስ አልበቀለም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን መጀመሪያ ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ የፊኛ ቲቢ ማለቴ ነው። እሱም ፊኛን ያኮማትራል። ሰውየው አዋሽ ሸለቆ ገዋኔ አካባቢ ወይም ዋቢ ሸበሌ ዳር የኖረ ከሆነ ቢልሃርዚያም አለ። ሁለቱንም መጠርጠር ትክክል ነው። ስለዚህ የቲቢ ምርመራ አዘዝኩና ሸኘሁት። ምን እንደሚወስድ አልጠየቅሁም። እናቱ አጠገቡ ስለነበሩ አፈርኩ መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ እናትየው ካሸር ጋ ሊከፍሉ ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ልጁ ፈጠን ብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ዶክተር፣ ስለ ኬታሚን ያውቃሉ?» አለኝ። ኬታሚን ማደንዘዣ መድኃኒት ነው። ልጁ ሦስት ዓመት በአፍንጫው ስቧል። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በኋላ በየቀኑ። አገር ቤት ከገባም በኋላ አላቋረጠም። ከየት እንደሚያገኘው አልጠየቅሁትም። የእኔ ሥራ እሱ አይደለም።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

እዚህ ላይ ስለ መድኃኒቱ ትንሽ ላውራ፤ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው «የፈረስ ማደንዘዣ» ይላልና። እንስሳት ሐኪሞች ይጠቀሙበታል፣ እውነት ነው። ግን የሰው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ካልቪን ስቲቨንስ የተባለ ኬሚስት፣ አሜሪካ ውስጥ ለፓርክ ዴቪስ ኩባንያ የሠራው ነው። በ1970 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1985 ጀምሮ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ብዙ ማደንዘዣ ትንፋሽንና የደም ግፊትን ይጫናል። ኬታሚን በትክክለኛው መጠን ሲሰጥ ሰውየው በራሱ እየተነፈሰ ይተኛል። ውስብስብ ማሽን በሌለበት ቦታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ዓይቼዋለሁ። ገና ተመርቄ ክፍለ ሀገር ስሠራ አንድ ሌሊት በቀዶ ሕክምና መሃል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በሞባይል መብራት ነበር የቀጠልነው። ምጥ የጠናባት እናት ናት። የሰመመን ባለሙያዋ ኬታሚን ሰጥታት ነበር። እናትየው ትተነፍሳለች፣ ልጁ አለቀሰ። ለዚህ መድኃኒት ክፉ ስም ሲሰጥ የምሰማው ሰው ሁሉ ያችን ሌሊት ቢያያት እላለሁ።

ከአዳራሹ አንዲት እህታችን «እናቴ እግሯ ተሰብሮ ሲጠገን ኬታሚን ተሰጥቷት ነበር፤ ፊኛዋ ይጎዳል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። አይጎዳም። አንድ ጊዜ፣ ወይም በሐኪም እጅ አልፎ አልፎ መሰጠቱ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ የማወራው በወር በወር፣ በሳምንት በሳምንት፣ ኋላም በየቀኑ ስለሚወስድ ሰው ነው። እናታችሁ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ ይህን ንግግር አስታውሳችሁ እንዳታስከለክሉብኝ።

እንግዲህ ፊኛው ምን ይሆናል? ኬታሚን በአፍንጫም ይግባ በመርፌ፣ ደም ውስጥ ይገባል። ጉበት ይለውጠዋል፤ ኖርኬታሚን የሚባልና ሌሎችም ነገሮች ይሆናል። እነዚህን ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያወጣቸዋል። ሽንት ደግሞ ወዲያው አይወጣም፤ ፊኛ ውስጥ ሰዓታት ይጠብቃል። ስለዚህ ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ከዚህ ነገር ጋር ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የሚውለው ፊኛ ነው። የፊኛ ውስጠኛ ሽፋን ሥራው አንድ ነው፤ ሽንቱ ሥጋውን እንዳይነካ መከለል። ያ ሽፋን ይላጣል። ቁስል ይሆናል። ሽንት በቁስል ላይ ሲፈስ አስቡት፤ በተላጠ ጣት ላይ ሎሚ እንደመጭመቅ ነው። ለዚህ ነው ፊኛው ሲሞላ ሕመሙ የሚጨምረው፣ ሲሸና ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ፋታ የሚሰጠው። ሰውየው ሽንት ቤት የሚመላለሰው ሽንት ስለበዛበት አይደለም። ቁስሉ ሽንቱን መሸከም ስላቃተው ነው።

ቁስል ቢድንም ጠባሳ ይተዋል። ደጋግሞ ሲቆስል ደጋግሞ ይጠባል፣ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደርቃል። አጥር ላይ የረሳነውን የበሬ ፊኛ አስታወሳችሁ? እሱን ነው የሚሆነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቢያቆምም፣ ጠባሳ ተመልሶ ጨርቅ አይሆንም።

በዚያ አያበቃም። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችም ይቆስላሉ፣ ይጠባሉ። መውጫ ያጣ ሽንት ወደ ላይ ይገፋል፤ ኩላሊት ያብጣል። ይህ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም ያለ ሕመም ነው የሚሆነው። አንዳንዱ ሰው ስለ ፊኛው ሲጨነቅ ኩላሊቱ በጓሮ በር ይሄድበታል። የሐሞት ቱቦም ሊሰፋ ይችላል፤ ከላይ ሆድን እየቆረጠ የሚመጣ ኃይለኛ ሕመም አለ። እኛ አገር ለእሱ ስም አለን፤ ጨጓራ። ልጁም ጨጓራ ነው ተብሎ ወራት ቆይቷል።

ሕክምናው ዓለም ራሱ ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው። መድኃኒቱ ከተፈቀደ ወደ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ቶሮንቶ የሚገኙ ሐኪሞች ኬታሚን በየቀኑ የሚወስዱ ዘጠኝ ሰዎች ፊኛቸው ክፉኛ ቆስሎ እንዳገኙ ጻፉ። በዚያው ዓመት ከሆንግ ኮንግ አሥር ሰዎች ሪፖርት ተደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከ1,200 በላይ ተጠቃሚዎችን ጠይቆ፣ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ የሽንት ችግር እንዳለበት አገኘ። ብዙ ሲወስዱና ቶሎ ቶሎ ሲወስዱ ችግሩም አብሮ ይጨምራል። እኛ አገር የለመድነው ጫትና ትራማዶል ነው። ስለዚህ ክሊኒክ ውስጥ የተቀመጠች ነርስ ወይም ሐኪም ኬታሚንን ባያስብ አልፈርድበትም። ግን ዓለም አንድ ሆኗል። ልጆቻችን ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። የሄዱበትን አገር በሽታም ይዘው ይመለሳሉ።

አንድ አባት «ጫትስ? ጫትም ሽንት ይይዛል ይባላል» አሉኝ። ትክክል ነዎት። ጫት የፊኛን አፍ የሚያጠብቀውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ሽንቱ ቀጥኖ፣ ተቆራርጦ ነው የሚወርደው። ፕሮስቴታቸው ላደገ አባቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትራማዶልም ሽንት ሊያስቸግር ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጫት የቃመ ሰው ሽንቱ አልወጣ ይለዋል፣ ኬታሚን የወሰደ ሰው ሽንቱ አልቀመጥ ይለዋል። የጫቱ በአብዛኛው ሲተዉት ይለቅቃል። የኬታሚኑ ግን ሥጋውን ራሱን ነው የሚለውጠው።

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። ኬታሚን ሕመም ያደነዝዛል። ልጁ ፊኛው ሲያቃጥለው የሚያስታግስለት አንድ ነገር ብቻ አገኘ። ያንኑ። ሲስብ ለሁለት ሰዓት ያህል እፎይ ይላል። ሲለቀው ሕመሙ ብሶ ይመጣል፣ እንደገና ይስባል። «ለደስታ መውሰድ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ለመሽናት ነው የምወስደው» አለኝ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። «ፍላጎት የለውም እንጂ ያቆም ነበር» የምትሉ ወላጆች ካላችሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። ሱስ ብቻ አይደለም የያዘው፤ ሕመምም ነው። ሕመሙን ሳናስታግስለት «ተው» ብንለው የማይቻል ነገር ነው የምንጠይቀው።

ሕክምናው ከዚህ ይነሳል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ መድኃኒቱን ማቆምና ሕመሙን መያዝ። ካላቆመ ሌላው ሁሉ ውሃ በወንፊት ነው። ለማቆም የአእምሮ ሐኪምና የሱስ ሕክምና ያስፈልጋል። ይህን ስል ፊታችሁ ሲጨልም አየሁ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ አማኑኤልም ይሁን ሌላ ሆስፒታል፣ የእብድ ቦታ አይደለም። እንደ ጥርስ ሐኪም የሙያ ቦታ ነው። ለሕመሙ ማስታገሻ እንሰጣለን፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው ኩላሊቱ ታይቶ ነው፣ ስለዚህ ከፋርማሲ ራሳችሁ ገዝታችሁ ዳይክሎፌናክ አትዋጡ። ፊኛውን የሚያረጋጉ እንክብሎች አሉ። የተላጠውን ሽፋን ለመተካት በቀጭን ቱቦ ፊኛ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ አለ፣ ፊኛው ግድግዳ ላይ የሚወጋ ቦቶክስ አለ፤ እነዚህ በሁሉም ቦታ አይገኙም፣ ውድም ናቸው። ነገሩ በጣም ከገፋ አንጀት ቆርጠን ፊኛውን እናሰፋለን። ከዚያም ካለፈ ፊኛው ወጥቶ ሽንቱ ሆድ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይወርዳል። ይህን ለማስፈራራት አልተናገርኩትም። ሃያ አምስት ዓመት ባልሞላቸው ሰዎች ላይ ውጭ አገር የተሠራ ቀዶ ሕክምና ነው።

ደስ የሚለውን ደግሞ ልጨምር። ቶሎ ከቆመ ሊድን ይችላል። በዚያው የእንግሊዝ ጥናት ውስጥ ካቆሙት ግማሽ ያህሉ ተሽሏቸዋል። ቁስል ገና ጠባሳ ካልሆነ ሽፋኑ እንደገና ይበቅላል። ወራት ይፈጃል፣ ግን ይበቅላል።

ስለ ውሃ አንዲት ነገር። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሽንት ቤት ላለመሄድ ውሃ ያቆማል። ልጁም ከቤት በሚወጣበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ አይቀምስም ነበር። ያልቀጠነ ሽንት ግን ቁስሉን ይበልጥ ያቃጥለዋል። ውሃ ቀስ እያላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ጠጡ። ቡናና ኮካ ቀንሱ። ቡና ቀንሱ ማለት ለእኛ ሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሦስተኛዋን ትታችሁ በአቦል ብትጨርሱም አንድ ነገር ነው።

አንድ ወጣት ደግሞ «ጓደኛዬ እንዲህ ይሆናል፤ ምን ላድርግለት?» አለ። ጓደኛህ ይሁን አንተ ራስህ መልሴ አንድ ነው። መለኪያ ግዛ። ምልክት ያለው ፕላስቲክ ጆግ ይበቃል። ለሦስት ቀን፣ ሌት ተቀን፣ በሸናህ ቁጥር ለካና ሰዓቱንና መጠኑን ጻፍ። ለእኛ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ልጁ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፎ ነው ያመጣልኝ። ሌሊት 7:10፣ 40። 7:45፣ 50። 8:15፣ 35። 8:40፣ 45። እንዲህ እያለ ገጹ ያልቃል። በሃያ አራት ሰዓት ከአርባ ጊዜ በላይ፣ ትልቁ 90 ሚሊ። ከዚያ አልትራሳውንድ፣ የኩላሊት የደም ምርመራ፣ አስፈላጊ ከሆነም በቀጭን ካሜራ ውስጡን ማየት አለ። ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ለሐኪሙ ንገረው። «ኬታሚን ወስጃለሁ፣ ይህን ያህል ጊዜ» ብለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ሐኪም የሕመምተኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እናትህ አጠገብህ ካሉ «ብቻዬን ላናግርዎት» በል። መብትህ ነው።

የሙያ ባልደረቦቼም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ ዓይቻችኋለሁ። ወጣት ሆኖ፣ ሽንቱ እያጣደፈው፣ ከልቸሩ ንጹሕ ሆኖ፣ ሁለተኛ ዙር ሲፕሮ ያልሠራለት ሰው ሲመጣ ሦስተኛውን ዙር ከመጻፋችሁ በፊት ቤተሰቡን ውጭ አስቀምጡና ጠይቁት። ቲቢውንም ፈልጉ፣ ይህንንም ጠይቁ። «ትወስዳለህ እንዴ?» ብላችሁ እንደ ፖሊስ ሳይሆን፣ «አንዳንድ መድኃኒት ፊኛ ያቆስላል፤ ከዚህ በፊት ኬታሚን የሚባል ነገር ወስደህ ታውቃለህ?» ብላችሁ። እኔ ብጠይቀው ኖሮ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ሕክምና ይጀምር ነበር።

ወላጆች፣ ለእናንተ አጭር ነው። ልጃችሁ ሌሊት ሽንት ቤት ሲመላለስ ከሰማችሁ፣ ጠዋት ላይ በጩኸት አትቀበሉት። የልጁ እናት እውነቱን ያወቁ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ገቡና «ሌሊት ስትነሳ መብራቱን አብራ፣ ተደብቀህ በጨለማ አትሂድ» ብቻ አሉት። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ካቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ እንደሆነ እሱ ራሱ ነግሮኛል።

አሁን እንዴት ነው ላላችሁኝ፤ ካቆመ ስምንት ወር ሆነው። መሃል ላይ አንዴ ተንሸራትቶ ነበር፣ ተመለሰ። ባለፈው ያመጣው ወረቀት ላይ ትልቁ ቁጥር 220 ነው። ሦስት ሲኒ። ሌሊት አሁንም ሦስቴ ይነሳል። ባለፈው ወር ከፒያሳ ተሳፍሮ «ወራጅ» የሚለውን የመጀመሪያ ቃል ሜክሲኮ ላይ አለ፤ እዚያው ቆሞ ደወለልኝ። የቀኝ ኩላሊቱ ሽንት ግን እስካሁን እኛ ባስገባንለት ቱቦ ነው የሚወርደው። ቱቦው ይቀየራል ወይስ ይወጣል የሚለውን ጥቅምት ላይ እናያለን።